አሮጌ ራውተር አንዴ ራሱን ያስነሳል፣ አንዴ ስታክ ያደርጋል፦ ከየት ልጀምር?

ሱሉልታ_ማዶ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባለ አራት ፖርት አሮጌ የኤዲኤስኤል (በስልክ መስመር ኢንተርኔት የሚያመጣ) ራውተር ነው፤ አዳፕተሩ ላይ 12 ቮልት፣ 1 አምፔር ተጽፏል። ብልሽቱ ሁለት መልክ አለው። አንዳንዴ መብራቶቹ በሙሉ ለአፍታ ጠፍተው ራውተሩ እንደ አዲስ ይነሳል። አንዳንዴ ደግሞ መብራቶቹ እንደበሩ ስታክ ያደርጋል፤ የዋይፋዩ ስም ስልክ ላይ ይታያል፣ ግን አያገናኝም፣ በላን ገመድም 192.168.1.1 (የራውተሩ የቅንብር ገጽ) አይከፍትም። ያኔ ከሶኬት ነቅሎ መሰካት ብቻ ነው ያለው።

ቦታው ሱሉልታ ነው። ግቢው ውስጥ ያለነው ሁሉ በአንድ ቆጣሪ ነው የምንጠቀመው። በብዛት የሚያስቸግረው ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ሌላው፣ ሌሊት መብራት ሄዶ ንጋት ላይ ሲመጣ ራውተሩ ቶሎ አይነሳም፤ የፓወር መብራቱ ብቻ በርቶ ይቀራል፣ ደጋግሞ ነቅሎ መሰካት ይፈልጋል። ቀን ላይ ደህና ነው ማለት ይቻላል።

ፋብሪካ ሪሴት ተደርጓል፣ ፈርምዌሩ (የራውተሩ ውስጣዊ ሶፍትዌር) አምራቹ ያወጣው የመጨረሻው ነው፣ የዋይፋይ ቻናልም ተቀይሯል፤ ለውጥ የለም። አዳፕተሩን ለብቻው ስለካው 12.2 ቮልት ይሰጣል፣ ስለዚህ ደህና ይመስላል። ርካሿ ቢጫ ቴስተርና ሶልደሪንግ አይረን አለኝ። አዲስ ከመግዛት በፊት ምን ምን ልፈትሽ?


ዜሮ_ፓኬት፦

ምንም ነገር ሳትፈታ በፊት ራውተሩ ነው የሚሞተው ወይስ መስመሩ የሚለውን ለይ። ላፕቶፕህን በላን ገመድ ሰካው፣ ዋይፋዩን አጥፋ። ሁለት የትእዛዝ መስኮት ከፍተህ በአንዱ 192.168.1.1ን፣ በሌላው ኢንተርኔት ላይ ያለውን 8.8.8.8ን ሳያቋርጥ ፒንግ እንዲያደርግ (አለህ ወይ እያለ እንዲጠይቅ) ተወው። ችግሩ ሲመጣ የመጀመሪያው እየመለሰ ሁለተኛው ብቻ ከቆመ ራውተሩ አልሞተም፤ የስልክ መስመሩ ወይም ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። ሁለቱም አንድ ላይ ከቆሙ ራውተሩ ራሱ ነው። በገመድ ደህና ሆኖ ስልኮች ብቻ ከተቋረጡ ደግሞ የዋይፋይ ራዲዮው ነው፣ ወይም የጎረቤት ቻናል።

ራሱ ተመልሶ በሚነሳባቸው ጊዜያት የስታተስ ገጹ ላይ አፕታይም (ከተነሳ ስንት ጊዜ እንደሆነው) የሚለውን እይ። ከዜሮ ከጀመረ ኃይል ተቋርጦበታል ወይም ራሱን ሪስታርት አድርጓል። አሮጌ ራውተሮች ሎጋቸውን ራም ላይ ስለሚይዙ ሲነሱ ሁሉም ነገር ይጠፋል፣ ሰዓታቸውም ወደ 1970 ወይም ወደ 2000 ይመለሳል። ሎጉ እንዳይጠፋ ከፈለግህ ቅንብሩ ውስጥ ሪሞት ሲስሎግ (ሎጉን ወደ ሌላ መሣሪያ መላኪያ) የሚል ካለ የላፕቶፕህን አይፒ ስጠው፤ በዩዲፒ ፖርት 514 ይልክልሃል።

የኤዲኤስኤል መብራቱ ብቻ ብልጭ ድርግም ብሎ ሌሎቹ ካልተነቃነቁ የኖይዝ ማርጂኑን (ሲግናሉ ከረብሻው የሚበልጥበትን ልክ) ተመልከት። ከ6 ዴሲቤል በታች ሲወርድ መስመሩ መቋረጥ ይጀምራል፤ በክረምት ውኃ የገባበት የሽቦ መገጣጠሚያ ዋናው ምክንያት ነው። አንተ የጻፍከው ግን በገመድም አይከፍትም ስላልክ ይሄን አይመስልም።


አሮጌ_ቦርድ፦

ዜሮ_ፓኬት ያለውን አድርግ፣ ግን የጻፍከው ሰዓት ብቻውን ብዙ ይናገራል። ቀን ደህና፣ ማታ መጥፎ፣ ንጋት ላይ አልነሳም የሚል ዕቃ ሶፍትዌሩ አይደለም የታመመው። ማታ ምጣድ ሲጣድ የግቢው ቮልቴጅ ይወርዳል፤ ሶፍትዌር ግን ምጣድ መቼ እንደሚጣድ አያውቅም።

መጀመሪያ 12.2 ቮልት ያልከውን ተወው። ምንም ሳይጫንበት የተለካ አዳፕተር ሁልጊዜ ጤነኛ ይመስላል። እርግጥ ከቁጥሩ አንድ ነገር ይታወቃል፦ ይሄ አዳፕተር ቀላሉ፣ ስዊቺንግ የሚባለው ዓይነት ነው። በብረት ትራንስፎርመር የሚሠራው ከባዱ ቢሆን ኖሮ ያለ ጭነት 15 ወይም 16 ቮልት ያሳይህ ነበር።

ስዊቺንግ አዳፕተር ውስጥ ሁለት ካፓሲተር (ኃይል ለአፍታ የሚያጠራቅም ክፍል) ነው የሚያረጀው። አንዱ በ220 በኩል ያለው፣ 400 ቮልት የተጻፈበት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 22 ማይክሮፋራድ። ሌላው በ12 ቮልቱ በኩል ያለው፣ 470 ወይም 1000 ማይክሮፋራድ። ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ከዓመታት ሙቀት በኋላ ሲደርቅ የመያዝ አቅማቸው ይቀንሳል፣ ኢኤስአር የሚባለው የውስጥ ተቃውሟቸው ደግሞ ይጨምራል። የመጀመሪያው ሲደክም የግቢው ቮልቴጅ ዝቅ ባለ ቁጥር አዳፕተሩ በሞገዶቹ መሃል ያለውን ክፍተት መሸፈን ያቅተዋል። ሁለተኛው ሲደክም 12 ቮልቱ ላይ ሪፕል፣ ማለት የቮልቱ መዋዠቅ፣ ይበዛል። መለያው ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ጤነኛ አዳፕተር በ170 ቮልትም ምንም መሆን የለበትም። ማታ የሚወድቅ ከሆነ ግን የቮልቴጁ ማነስ ሰበብ ነው እንጂ ምክንያቱ እርጅናው ነው።

ልኬቱን እንዲህ አድርገው። 33 ኦም፣ 10 ዋት የሆኑ ሁለት ነጫጭ የሲሚንቶ ሬዚስተሮች ግዛና ጎን ለጎን (በፓራለል) እሰራቸው፤ 16.5 ኦም ይሆናሉ። በ12 ቮልት ወደ 0.73 አምፔር ይስባሉ፤ እያንዳንዳቸው ከ4 ዋት ትንሽ በላይ ስለሚያቃጥሉ ይሞቃሉ፣ ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ሸክላ ወይም ብረት ላይ አስቀምጣቸው። ይሄን ጭነት አዳፕተሩ ላይ አድርገህ ማታ ለካ። ከ11.4 በታች ከወረደ ጣለው።

ሪፕሉን በዚያች ቴስተር ለመለካት አትድከም። የኤሲ ሬንጇ 200 እና 600 ወይም 750 ብቻ ነው፤ በዚያ ላይ ዲሲውን ስለማትለይ አዳፕተር ላይ ስታደርጋት እንደ ሽቦው አቀማመጥ ወይ ዜሮ ወይ እጥፍ የሚጠጋ ቁጥር ታሳይሃለች። ሁለቱም ትርጉም የለውም።

ከዚያ ሁሉ የሚበልጠው ሙከራ ግን ባትሪ ነው። ከኮምፒውተር ዩፒኤስ የወጣ 12 ቮልት፣ 7 አምፔር አወር ባትሪ ካገኘህ ራውተሩን አንድ ምሽት በሙሉ በእሱ አሠራው። ግማሽ አምፔር ቢስብ እንኳ ባትሪው ደህና ከሆነ ሌሊቱን ይይዛል። ከፖዘቲቩ ሽቦ ላይ የ2 አምፔር ፊውዝ አስገባ፣ ባትሪ ሾርት ሲሆን ሽቦ ያቀልጣልና። የራውተሩን መሰኪያ ምልክት አይተህ መሃሉ ፖዘቲቭ መሆኑን አረጋግጥ። ባትሪው ቻርጅ ላይ እያለ ግን አታገናኝ፤ ያኔ ከ14 ቮልት በላይ ይወጣል። በባትሪ ማታ ካልወደቀ ጥፋቱ ከአዳፕተሩ እስከ ቆጣሪው ባለው ውስጥ ነው። በባትሪም ከወደቀ ቦርዱ ላይ ነው።


ካራ_ቆሬ፦

ባትሪ ከሌለህ የዲሽ ሪሲቨር አዳፕተር ተዋስ፤ ብዙዎቹ 12 ቮልት፣ 1 ወይም 1.5 አምፔር ናቸው። አምፔሩ ቢበልጥ ችግር የለውም፣ ራውተሩ የሚፈልገውን ብቻ ነው የሚወስደው። ቮልቱ ግን እኩል ይሁን። ደግሞ ጫፉን እይ፦ ውጩ 5.5 ሚሊሜትር ሆኖ ቀዳዳው 2.1 እና 2.5 የሚሆን አለ። የ2.5ቱ በ2.1ዱ ላይ ይገባል፣ ግን ላላ ብሎ ስለሚነካ ጠረጴዛው ሲነቃነቅ ራውተሩ ሪስታርት ያደርጋል። ከዚያ አዳፕተሩም ጥፋተኛ ነው ብለህ ትጥለዋለህ።


ሎግ_አንባቢ፦

ኃይሉን ፈትሹ፣ አልቃወምም፤ ግን አሮጌ ራውተር ከውጭ በሚመጣ ትራፊክም ይወድቃል፣ ይሄን የሚያነሳ ሰው ጥቂት ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 ጀርመን ውስጥ ወደ 900,000 የሚጠጉ የዶይቸ ቴሌኮም ደንበኞች ራውተር የተስተጓጎለው ሚራይ የሚባለው የጥቃት ሶፍትዌር ዝርያ በፖርት 7547 (ራውተሮችን ከሩቅ ማስተዳደሪያ በር) ሊገባ ሲሞክር ነው። መሣሪያዎቹ አልተያዙም፣ ሙከራው ብቻ አንቆ ጣላቸው። ከዚያ በፊትም በ2014 መጨረሻ ሮምፔጀር በሚባለው ትንሽ የዌብ ሰርቨር ላይ የተገኘው ቀዳዳ የብዙ ርካሽ የኤዲኤስኤል ራውተሮችን በር ከፍቶ ነበር።

ስለዚህ ሪሞት ማኔጅመንትን ዝጋ፣ ዩፒኤንፒን (ዕቃዎች ራሳቸው ፖርት እንዲከፍቱ የሚፈቅደውን) አጥፋ፣ የአድሚን ፓስወርዱን ቀይር። የዲኤንኤስ (የድረ ገጽ ስሞችን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ሰርቨር) አድራሻው አንተ ያላስገባኸው ቁጥር ሆኖ ካገኘኸው ራውተሩ ተነክቷል፤ ፋብሪካ ሪሴት አድርገህ ከኢንተርኔት ሳታገናኝ ቅንብሩን ጨርስ። ቤት ውስጥ ቶረንት የሚያወርድ ካለም የግንኙነት ቁጥሩን ከ100 በታች አድርግለት። 16 ወይም 32 ሜጋባይት ራም ያለው ዕቃ በሺዎች የሚቆጠር ግንኙነት ሲከፈትበት ስታክ ማድረጉ አይቀርም።

እንዲህ ያለው ችግር ግን ሰዓት አይመርጥም። ቶረንቱ ማታ ማታ ካልሆነ በስተቀር።


ሱሉልታ_ማዶ፦

አመሰግናለሁ። ውጤቱ ይኸው።

ፒንጉ ሁለቱም አንድ ላይ ነው የሚቆሙት፣ ስለዚህ መስመሩ አይደለም። ሪሞት ማኔጅመንት ክፍት ነበር፣ ተዘግቷል፤ ዲኤንኤሱ ደህና ነው፣ ቶረንት የሚጠቀም የለም። ሶኬቱ ላይ ማታ 178 ቮልት ነው ያለው፤ የግቢው ምጣድ ሲበራ ወደ 169 ይወርዳል። አዳፕተሩ ከሁለቱ ሬዚስተሮች ጋር ቀን ላይ 11.7፣ ማታ ደግሞ ምጣዱ ሲሠራ 10.4 አሳየ። መለያው 100–240 ነው የሚለው።

በባትሪ ማታ አንድም ጊዜ አልወደቀም። ንጋት ላይ ግን ከባትሪው ጋርም አጥፍቼ ሳበራው ያው ነው፣ የፓወር መብራት ብቻ። ክፍሉ ሲሞቅ ይነሳል። ከፍቼ አየሁት፤ ከመሰኪያው አጠገብ ሁለት 470 ማይክሮፋራድ 16 ቮልት፣ ከኮይሉ አጠገብ አንድ 1000 ማይክሮፋራድ 10 ቮልት አሉ። ያበጠ የለም፣ አናታቸው ጠፍጣፋ ነው።


አሮጌ_ቦርድ፦

እንግዲህ ሁለት ብልሽት ነው ያለህ። አዳፕተሩ አልቆለታል፤ 10.4 ላይ ሲደርስ ቦርዱ በሙሉ ሳይጠፋ ፕሮሰሰሩ ብቻ ይደናበራል፣ ያ ነው ስታክ የምትለው። ጠለቅ ብሎ ሲወርድ ደግሞ ሙሉ ሪስታርት። የንጋቱ ግን የቦርዱ ካፓሲተር ነው።

አለማበጡ አያታልልህ። የሚያብጠው ውስጡ ጋዝ ሲፈጠር ነው፤ ቀስ ብሎ የደረቀ ካፓሲተር አናቱ እንደተስተካከለ ይሞታል። ምልክቱ ብርድ ነው፦ ኤሌክትሮላይቱ ሲቀዘቅዝ የውስጥ ተቃውሞው ይጨምራል፣ የደረቀው ላይ ደግሞ በብዙ እጥፍ። ሱሉልታ በኅዳርና በታኅሣሥ ንጋት ላይ ምን ያህል እንደሚበርድ ለአንተ አይነገርም። 12 ቮልቱን ወደ 3.3 የሚያወርደው ክፍል ሲነሳ ካፓሲተሩ ሪፕሉን መዋጥ ስለማይችል ፕሮሰሰሩ ፍላሹን ማንበብ እንደጀመረ ይወድቃል። ፓወር መብራቱ ለመብራት ብዙ አይፈልግም፣ ስለዚህ እሱ ይበራል።

ለማረጋገጥ ንጋት ላይ አልነሳ ሲል የፀጉር ማድረቂያ በዝቅተኛው ሙቀት አድርገህ ሦስቱ ካፓሲተሮች ላይ ብቻ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ንፋ፣ ሌላውን ቦርድ በካርቶን ከልለው። ከዚያ አብራ። ከተነሳ ነገሩ አለቀ። ነገሩ ተገላቢጦሽ ቢሆን፣ ማለት ቀን ቆርቆሮው ሲግል የሚወድቅና ሲቀዘቅዝ የሚነሳ ቢሆን ኖሮ፣ ቺፑን ወይም የሊዱን (የመበየጃውን ብረት) መሰንጠቅ ነበር የምንጠረጥረው።

የምትገዛው 105 ዲግሪ የተጻፈበት፣ ሎው ኢኤስአር የሆነ ነው። 85 ዲግሪ የሚለውን አትውሰድ፣ መርካቶ ስትሄድ ሳትጠይቅ የሚሰጡህ እሱን ነው። ማይክሮፋራዱ እኩል ይሁን፤ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ ቢሆን ይሻላል፣ ለምሳሌ በ10 ቮልቱ ፋንታ 16 ቮልት። ግን ቮልቱ ሲጨምር ቁመቱም ይጨምራልና ክዳኑ እንዲዘጋ አሮጌውን ይዘህ ሂድ፣ አጠገቡ አስቀምጠህ አወዳድር። ከአሮጌ ኮምፒውተር ማዘርቦርድ የተነቀለ አትቀበል፤ ያው ያረጀ ነው።

ስትቀይር ቦርዱን ከኃይል ነቅለህ ትንሽ ጠብቅ። የኔጌቲቩ እግር ከሰፊው የመዳብ ንጣፍ ጋር ስለተያያዘ ሙቀቱን ይጠጣብሃል፤ የ40 ዋት አይረን ካለህ ሥራው ቀላል ነው፣ በ25 ዋት ግን ስትታገል ቀዳዳውን ታነሳዋለህ። መጀመሪያ አዲስ ሊድ ጨምርበት፣ ከአሮጌው ጋር ተቀላቅሎ ቶሎ ይቀልጣል። አንዱን እግር አሙቀህ ካፓሲተሩን ወደ ጎን በትንሹ አዘንብል፣ ከዚያ ሌላውን፣ እንዲህ እያፈራረቅህ ይወጣል። በኃይል አትሳብ። የካፓሲተሩ ጎን ላይ ያለው ነጭ ወይም ግራጫ መስመር ኔጌቲቩ ነው፤ ቦርዱ ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ቀለም የተቀባው ግማሽ ክብ ኔጌቲቩን ያሳያል፣ ግን ተቃራኒ የሚያደርጉ አምራቾችም አሉ። ስለዚህ አሮጌውን ሳትነቅል ፎቶ አንሳ። ተገልብጦ የተበየደ ካፓሲተር ሲበራ ሊፈነዳ ይችላል።

አዳፕተሩን ግን ለመጠገን አትክፈት። የ400 ቮልቱ ካፓሲተር ከሶኬት ከተነቀለም በኋላ ወደ 310 ቮልት የሚጠጋ ይዞ ሊቆይ ይችላል። አዲስ ግዛ።


ካራ_ቆሬ፦

ስትገዛ በእጅህ መዝነው። 2 አምፔር ተብሎ እንደ ባዶ ፕላስቲክ የቀለለ ከሆነ ውስጡ 2 አምፔር የለም። ሬዚስተሮቹን ይዘህ ሂድና ሱቁ ላይ ለካው፣ ማንም አይከለክልህም። እኔ ብሆን ግን ስታቢላይዘር ገዝቼ ቤቱን በሙሉ ነበር የማድነው።


አሮጌ_ቦርድ፦

ለራውተር ስታቢላይዘር አያስፈልግም። ርካሾቹ በሪሌይ ነው የሚቀይሩት፤ ያች ጠቅ የምትለው ድምፅ ኃይሉ ለጥቂት ሚሊሰከንድ የሚቋረጥባት ቅጽበት ናት። ምጣዱ በበራና በጠፋ ቁጥር ጠቅ ጠቅ ስትል የደከመ አዳፕተር ያለው ራውተር ይብስበታል። ለፍሪጅ ከፈለግህ ሌላ ጉዳይ ነው።

ገንዘቡን ለሚኒ ዩፒኤስ አውጣው፣ ሌሊት መብራት ሲሄድም ያገለግላል። ሲመረጥ ግን የሚታይ ነገር አለ፦ አንዳንዶቹ የባትሪውን ቮልት እንዳለ ነው የሚያወጡት፣ ሲሞላ 12.6 ሲያልቅ 9። የምትፈልገው እስኪያልቅ ድረስ 12 የሚያወጣውን ነው። ሁለት 18650 የሚባለው ክብ የሊቲየም ባትሪ፣ እያንዳንዱ 2000 ሚሊአምፔር አወር ከሆነ 15 ዋት አወር ያህል ነው፤ 5 ዋት ለሚበላ ራውተር ብክነቱ ተቀንሶ ሁለት ሰዓት ተኩል ቢቆይ ነው። 10,000 ሚሊአምፔር አወር የሚል ጽሑፍ ካየህ በ3.7 ቮልት የተቆጠረ መሆኑን አትርሳ።


ሱሉልታ_ማዶ፦

በፀጉር ማድረቂያው ሙቀት ወዲያው ተነሳ። ሦስቱም ካፓሲተር ይቀየራል፣ አዳፕተሩም። አንድ ነገር ብቻ፦ 178 ወደ 169 መውረዱስ? የምጣዱ ብቻ ነው ወይስ ሌላ ነገር አለ?


ስካቶላ፦

እዚህ ላይ እኔ ልግባ። ምጣዱ 3.5 ኪሎዋት ከሆነ የሽቦው ተቃውሞ ወደ 14 ኦም ነው፤ በ169 ቮልት 12 አምፔር ገደማ ይስባል። 9 ቮልት በ12 አምፔር ከጠፋ በመንገድ ላይ ያለው ተቃውሞ ወደ 0.7 ኦም ይጠጋል። ይሄ በ6 ካሬ የመዳብ ሽቦ ቢሆን ከመቶ ሜትር በላይ ርቀት ማለት ነው። ከፖሉ እስከ ግቢያችሁ ያን ያህል ከሌለ አንድ መገጣጠሚያ ላልቷል ወይም አልሙኒየም ከመዳብ ጋር ተጠማዞ ዝጓል።

ምጣዱ ለሩብ ሰዓት ያህል ከሠራ በኋላ ዋናውን ብሬከርና ስካቶላዎቹን ከውጭ በእጅህ ጀርባ ዳስስ፣ ሳትከፍት። የሞቀው እሱ ነው። ናስትሮ ተጠምጥሞበት የጠቆረ ካለም ያው ነው። ከቆጣሪው በኋላ ያለውን ዋናውን አጥፍቶ ኤሌክትሪሺያን በተርሚናል ያስረው፣ በመጠምዘዝ አይደለም። ከቆጣሪው በፊት ያለውን ማንም እንዳይነካ፣ የመብራት ኃይል ሠራተኛ ይጠራ።

ምጣዱ ሲበራ የሌላው ክፍል አምፖል ከመደብዘዝ ይልቅ የሚደምቅ ከሆነ ግን ኒውትራሉ ነው የላላው። ያኔ ቮልቴጁ በአንዱ ክፍል ሲወርድ በሌላው ከ250 በላይ ሊወጣ ስለሚችል እስኪሠራ ድረስ ራውተሩንም ቴሌቪዥኑንም ንቀሉ።